ሻይ የምትጠጣው አበባ

ነገሩን ያወጡት ጉንዳኖቹ ናቸው። በበሩ ሥር ገብተው፣ የግድግዳውን ጥግ ታከው፣ የአልጋውን እግር ዞረው፣ መስኮቱ ደፍ ላይ ወደተቀመጠችው አበባ በሰልፍ ይወጣሉ። ሶፋ አዳሹ የወደቀ ፍርፋሪ ያለ መስሎት ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ጠረጋቸው። ትንሽ ተበታትነው ተመልሰው ተሰለፉ። አበባዋ በቀለም ቆርቆሮ የተተከለች ናት። እሱ አንድም ቀን ውሃ አጠጥቷት አያውቅም፤ እሷ ግን ሰሞኑን እንደ ጉድ ፋፍታ ቅጠሏ የመስኮቱን መስታወት እየሸፈነው ነበር። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደ፤ ርጥብ ነው። አሸተተው፣ ከዚያ ወደ ምላሱ አስጠጋው። ሻይ ነው። ያውም ስኳሩ የበዛ፣ እሱ ራሱ በየማለዳው ለእናቱ የሚያፈላው ሻይ። ዞር ብሎ አያት። ዓይኗን ጨፍና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባለች። ከንፈሯ ክረምት እንደራቀው መሬት ተሰነጣጥቋል። ባዶው ብርጭቆ ከጎኗ ተቀምጧል።

«ሻዩ ጣፈጠሽ እማዬ?»

«እጅህ ይባረክ። ጭላጭ አልተረፈኝም።»

ጭላጭ እንዳልተረፈ እሱም አይቷል። ብርጭቆውን አነሳ። ቢነግራት ሌላ መድፊያ እንደምትፈልግ ያውቃል።

ለምን እንደምትደፋው ለመረዳት ብዙ አላሰበም። እናቱ ወድቃ የዳሌዋ አጥንት ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። ጭንቅላቷ ግን ምላጭ ነው፤ አፏም እንደዚያው። በጉብዝናዋ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች። የከተማው ሰው ገመና ሁሉ በጆሮዋ አልፏል፣ ከአፏ ግን አንድ ነገር ሳያመልጣት ጡረታ ወጣች። አሁንም ልጇን ስትፈልግ «ሃሎ፣ ማዞሪያ!» ብላ ነው የምትጣራው። ማውራት ያልፈለገች ጊዜ ደግሞ «መስመር ተይዟል» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ጎን ያለውን ክፍል ተከራይታ የነበረችው አስተማሪ እያለች ችግር አልነበረም፤ ስትወጣ ስትገባ የሴትነቱን ነገር ሁሉ እሷ ትይዝላት ነበር። አስተማሪዋ ሥራ ተቀይሮላት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። የቀረችው የጎረቤቱ ባለ ሱቅ ሚስት ናት፤ እሷም ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስትሄድ አንዴ፣ ማታ ስትመለስ አንዴ እየተቻኮለች ብቅ ትላለች። በመካከሉ ያለው ቀን ረጅም ነው። አስተማሪዋ በሄደች ማግስት እኩለ ቀን ላይ ሶፋ አዳሹ ፖፖውን በጨርቅ ሸፍኖ ይዞ ገባ። እናቱ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። «መስመር ተይዟል» አለችው። ይዞት እንደገባ ይዞት ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ካልሆነ በቀር ምንም አልጠየቀችም። እሱም ደስ ብሎት ነበር፤ ጀግና ናት፣ ችላዋለች ይል ነበር ለራሱ። የቻለችው ጥሙን ኖሯል።

መዶሻውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ። የቤቱ ፊት ለፊት ክፍል መሥሪያው ነው፤ አንጀቱ የተዘረገፈ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ መሀል ላይ ተንጋሏል፤ ባለቤቱም ከትናንት ጀምሮ እየደወለ ይነተርከዋል። አልፎት ወጣ። ባለ ሱቁ ሳሙና ይደረድራል።

«ጆሮህን ወደኛ ቤት ጣል አድርግልኝ፤ ደርሼ ልምጣ» አለው።

«ኧረ ምን ገዶኝ። እማማ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን።»

ቃሉ ከአፉ የወጣው ሳያስበው ነው። ሰው እንዴት ናት ሲል ደህና ናት ይባላል። ሌላ መልስ አልለመደም።

የአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ለአረጋውያን ድጋፍ የሚሰጥ መስኮት አለው። ሰልፉ እስከ በረንዳው ይደርሳል፤ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ስለቆመ ቀለሙ በትከሻ ቁመት ልክ ተልጧል። ተራው ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ልጅ በትሕትና ተቀበለችው። የእናቱን ዕድሜ፣ ሕመሟን፣ የምትኖርበትን ጠየቀችው።

«ልጅ አላቸው ጋሼ?»

«አላት።»

«የት ነው ያለው?»

«ፊትሽ ቆሟል።»

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው አይሆንም። ይሄ ድጋፍ ጧሪ ለሌላቸው ነው። እሳቸውማ ታድለዋል።»

«ጧሪዋ ወንድ ነው» አለ።

«ወንድ ልጅ አይጦርም እንዴ?»

መልስ ነበረው። ግን ሃያ ሰው ጀርባው ላይ ቆሞ እያዳመጠ የሚነገር መልስ አልነበረም። ከኋላው አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ ግን እሱም እንዲሰማው አድርጋ፣ «ስንቱ የጧሪ ያለህ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ጧሪ መሆን ከብዶት እናቱን ሊያስረክብ መጣ!» አለች። ሰልፈኛው ሳቀ። ሶፋ አዳሹ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመ። ሰፊ ሰው ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፤ በዚያች ሰዓት ግን በቁልፍ ቀዳዳ የሚሾልክ መሰለው። መንገዱን ተሻግሮ የቤት ሠራተኛ የሚያገናኝ ደላላ ዘንድ ገባ። ደላላው ለታማሚ እንደሆነ ሲሰማ የጠራው ደመወዝ ሶፋ አዳሹ ራሱ በወር ከሚያገኘው ይበልጣል። «አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ማን እሺ ይላል?» አለው፣ ሻዩን እያማሰለ። ሻይ የሚያማስል ሰው ማየት ያን ቀን አስጠላው።

ጤና ጣቢያው ሲደርስ ፀሐይዋ ጠንክራለች። ነርሷ እናቱ የወደቀች ጊዜ ቤት ድረስ እየመጣች ቁስሏን ታጥብ ስለነበር ታውቀዋለች። አጎንብሳ መርፌ ትቆጥራለች።

«ሲስተር፣ ሰው ውሃ ባይጠጣ ምን ይሆናል?»

«ማነው የማይጠጣው?»

«ማንም። እንዲያው ለጥያቄ ያህል ነው።»

ነርሷ ቀና አለች። «ያዞረዋል፤ ይቃዣል። ያውም አልጋ ላይ ያለች አሮጊት ከሆነች ኩላሊቷም ገላዋም ይጎዳል። ቶሎ ነው የሚወስዳት።» አተኩራ አየችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማማ የጠሉት ውሃውን ነው ወይስ ከውሃው በኋላ የሚመጣውን?»

ሶፋ አዳሹ ፊቱ ጋለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? አንተ የመጀመሪያው ነህ እንዴ?»

አንድ ሰው ከባድ ሶፋ ለብቻው ደረጃ ሲያወጣ፣ መሀል ላይ ጉልበቱ ሲከዳው፣ ያላየው ሰው ከታች መጥቶ ሌላኛውን ጫፍ ብድግ ቢያደርግለት የሚሰማው ነገር አለ። ሸክሙ አልወረደም፤ ግን ብቻውን አይደለም። የነርሷ ቃል እንደዚያ ሆነለት። እሷ ግን ወሬውን አላስረዘመችውም። በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጀርባ ባለችው ክፍል እንደሚሰበሰቡ፣ ዛሬም ሐሙስ እንደሆነ ነግራው፣ ከወጣ ይመለሳል ብላ ስላላመነችው ይመስላል፣ ክንዱን ይዛ እስከ በሩ ወሰደችው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሽቦው የወጣ አንድ ሶፋ፣ ካርቶን። የተቀመጡት ሁሉም ሴቶች ናቸው። ሶፋ አዳሹ መጀመሪያ ያየው የሶፋውን ሽቦ ነው፤ ለዓይኑ ማረፊያ ስላጣ እሱ ላይ ተከለው። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ከሁሉም ቀጭኗ፣ ጣቶቿ በፀጉር ቀለም የጠቆሩ ፀጉር ሠሪ፣ ቦታ ለቀቀችለት።

«ግባ ወንድሜ፣ አንበላህም። ማንን ነው የምታስታምመው?»

«እናቴን።»

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት፣ ተመስገን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ እስክታስላት ሳቀች። እሱ ምን እንዳጠፋ አልገባውም።

«እዚህ ቤት ደህና ማለት ክልክል ነው» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «ደህናህን በር ላይ አስቀምጠህ ግባ፤ ስትወጣ ታነሳዋለህ። አሁን እንደገና። እናትህ እንዴት ናቸው?»

ሶፋ አዳሹ ጫማውን አየ። ከዚያ ጀመረ። ስለ ፖፖው አልተናገረም፤ ስለ አበባዋ ብቻ ነው የተናገረው፤ ስለ ጉንዳኖቹ፣ ስለ ርጥቡ አፈር፣ ስለ ከንፈሯ። ሴቶቹ የቀረውን ራሳቸው ጨረሱት። ማንም አልሳቀም። ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራ ሴት ከሥራዋ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነው?»

«ሦስት።»

«ውይ! አበባዋን ስኳር በሽታ አስይዛችኋታላ!»

ያኔ ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

የእነዚህ ሴቶች ልማድ እንዲህ ነው። አንድ ሰው የማይችለውን ከተናገረ በኋላ የሚችለውን ሳይናገር አይቀመጥም። ሹራብ የምትሠራዋ ሌሊት መንቃት አትችልም፤ ወጥ ግን ለሁለት ቤት ትሠራለች። ሌላዋ መርፌ ስታይ ትወድቃለች፤ ወረፋ ግን ለማንም ትይዛለች። ስለዚህ ፀጉር ሠሪዋ ወደ እሱ ዞረች።

«የማትችለውን ሰማን። የምትችለውስ?»

«ሶፋ አድሳለሁ።»

«እሱን እናቆየው፤ ይሄ ሶፋ የትም አይሄድብህም። ሌላስ?»

አሰበ። «ሸክም። ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ በጠፍር ለብቻዬ አራተኛ ፎቅ አወጣለሁ።»

ፀጉር ሠሪዋ ብድግ አለች። መቀመጥ የረሳች ትመስል ነበር። «ባሌ የሁለት ሰው ያህል ነው» አለች ቀስ ብላ። «ደረጃው ግን ጠባብ ነው።»

ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ የሚያውቁት ሁሉ «ተሳቢው» ነው የሚሉት። ግማሽ ጎኑ ከተያዘ ወዲህ ከሁለተኛ ፎቅ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ትላጨዋለች፤ ማውረድ ግን አትችልም። ዘመድ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ሆነው ሞክረው፣ መሀል ደረጃ ላይ ወገባቸውን ይዘው መልሰውታል። ሶፋ አዳሹ ጠፍሩን ከቤት ይዞ ሲገባ ሰውየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ መንገድ ያያል። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ከላይ እስከ ታች ተያዩ።

«ሶፋ ነኝ እንዴ እኔ?» አለ ተሳቢው፣ በተያዘ አፉ።

«ሶፋ ቢሆኑማ ዝም ይሉ ነበር።»

«አንቱታውን ተወው። ሰው ትከሻ ላይ ወጥቼ አንቱ መባል አልፈልግም።»

ሰፊውን የሸራ ጠፍር በተሳቢው ጭን ሥር አሳልፎ፣ በጀርባው አዙሮ፣ በገዛ ትከሻው ላይ አጠላለፈው። ሸክም በጉልበት እንጂ በወገብ አይነሳም፤ ተንበረከከ፣ አየር ሳበ፣ ተነሣ። ሚስትየው አፏን በእጇ ያዘች። ደረጃው በእርግጥም ጠባብ ነበር። ተሳቢው ከጀርባው ሆኖ ሥራውን ጀመረ።

«ቀኝህን ያዝ! ቀስ፣ ቁልቁለት ነው፤ በከባድ ማርሽ ውረድ! መታጠፊያ ላይ ጥሩንባ ንፋ!»

«ጥሩንባ የለኝም።»

«ጥሩንባ የሌለው መኪና ሆነህ ምርመራውን ማን አሳለፈህ?»

ጎረቤቶች በር እየከፈቱ ወጡ። ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ከግንቡ ጋር በምትገናኝበት ቦታ፣ ወንበር ተዘጋጅቷል። ሶፋ አዳሹ አስቀመጠው፤ ጠፍሩን ፈታ። ተሳቢው ሌላ ቀልድ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስታርፍ ግን መልሶ ገጠመው። ዓይኑን ጨፈነ። ደህናው እጁ የወንበሩን ክንድ ይዳብሳል። ሚስቱ ልታናግረው ብላ ተወችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «እስክትጠልቅ እንዳትነኩኝ» አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ባሏን ለጎረቤቶቿ ዓይን አደራ ብላ፣ ቅርጫቷን አንጠልጥላ በተራዋ ተከተለችው። መንገድ ላይ አልተናገሩም። ሶፋ አዳሹ ፍርሃት ይዞታል። አውርዶ ማስቀመጥ ቀላሉ ነበር፤ እናቱ ግን ጠፍር አይገባላትም። እምቢ ካለች ነገም አበባዋ ትፋፋለች።

«እማዬ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ።»

እናቱ አንዲት ዓይኗን ገለጠች። «ሚስት ከሆነች ዘግይተሃል።»

«ባል አለኝ እማማ፤ ያውም ሁለት ባል የሚያህል» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች።

እናት ቅርጫቱን አየች። ፎጣውን፣ ሳሙናውን አየች። ልጇንም አየችው፣ እንዳወቀ አወቀች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«መስመር ተይዟል።»

ሶፋ አዳሹ ቅርጫቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሴትየዋ ግን የቃሉን ነገር አታውቅም፤ ስለማታውቅም አልደነገጠችም። እጇን ሰዳ የእናትየውን ጉንጉን ፀጉር ከትራሱ ላይ አነሳች፣ እንደ ሙያተኛ አገላብጣ አየችው።

«ማነው እንዲህ ያበጠረዎት?»

ከግድግዳው በኩል፣ «ልጄ ነው።»

«ሶፋ መስሎት ነው እንግዲህ። በሚስማር ነው የመታው?»

የእናትየው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ። እያለቀሰች መስሎት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። አላለቀሰችም፤ እየሳቀች ነው። ፊቷን ሳትመልስ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የሴትየዋን ጣት ያዘች፤ ሁለቱም በአንድ አፍ «አንተ ውጣ» አሉት።

መሥሪያው ውስጥ ተንጋሎ የጠበቀው ሶፋ ፊት ቆመ። ከበሩ ኋላ ውሃ ሲቀዳ፣ ጨርቅ ሲጨመቅ ይሰማል። የሚሰማው ነገር የእሱ እንዳልሆነ ቢያውቅም ጆሮው አልታዘዘውም።

«...ልጄ ወርቅ ነው» ትላለች እናቱ። «ግን እኔ ቂጡን ያጠብኩት ልጅ፣ እሱ መልሶ...»

«ብድር መላሽ ቢሆንስ እማማ?»

«የእናት ብድር በዚህ አይመለስም። በሌላ ይመልሰው።»

መዶሻውን አንስቶ፣ የማይመታውን ሚስማር እየመታ፣ ላለመስማት ሠራ። ድምፁ ሲሰለቸው ስልኩን አወጣና ለእህቱ ደወለ። እህቱ በከተማው ሌላ ጫፍ ነው የምትኖረው፤ አልፎ አልፎ እሑድ ትመጣለች፣ ካልሲ ወይ ሹራብ ለእናቷ ይዛ፤ አልጋው ጎን ትቀመጣለች፤ ሦስቱም ብዙ አይነጋገሩም፤ መሽቷል ብላ ትነሳለች። እሱ በልቡ ትንሽ ቂም ነበረው። ቂሙን ግን መርምሮት አያውቅም።

«እማዬ እንዴት ናት?» አለች ወዲያው፣ እንደ ሁልጊዜው።

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። መለሰው። «ደህና አይደለችም» አለ። ነገራት፤ አበባዋንም፣ ፖፖውንም ሳይቀር።

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«በየጊዜው ትጠይቂኝ ነበር። ደህና ናት እልሽ ነበር።»

«እኔም የማላስፈልግበት ቤት መስሎኝ ነው የምቀመጠው፣ እንደ እንግዳ» አለች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማው። «ቅዳሜና እሑድ የኔ ነው። አንተ ውጣ፤ የትም ሂድ። ገበያ ሂድ፣ ተኛ፤ ብቻ እንዳላይህ።»

በአንድ ቀን ሦስት ሴት «ውጣ» ብለውት እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሄዶ ተሳቢውን ወደ ላይ አወጣው። ዳገቱ ከቁልቁለቱ ይከብዳል፤ ሁለቴ አረፈ። ተሳቢው ፊቱ ቀልቷል፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ ሰድቦ ጠግቧል። አልጋው ላይ ሲያስቀምጠው ጠፍሩን ይዞ አልለቀቀም።

«ነገስ?»

«ነገም። ሚስትህ እኩለ ቀን እኛ ቤት ናት፤ ተስማምተናል።»

«እንግዲያው እኔም እዚያው ውሰደኝ። ዝም ብዬ ግንብ ከማይ ከሶፋህ ላይ አሮጌ ሚስማር ልንቀልልህ። ይሄኛው እጄ ደህና ነው።»

ሚስቱ ከምድጃው አጠገብ «ደህና አይባልም!» ብላ ጮኸች።

ቤቱ ሲደርስ ባለ ሱቁ መብራት እያበራ ነበር። «እማማ እንዴት ዋሉ?» አለው። ሶፋ አዳሹ ትንሽ ቆመ። «ታጥባለች፣ ተበጥራለች» አለው። ባለ ሱቁ መልሱ ግራ ገባው፤ ግን ፈገግ አለ።

እናቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተሠርቶ ግንባሯ ወጥቷል፤ የድሮ ፎቶዋ ላይ ያለችው፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ወጣት ሴት ትንሽ ትንሽ ብቅ ትላለች። ክፍሉ ሳሙና ሳሙና ይላል። ሻይ አፈላ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረ፣ ሰጣት፤ ከዚያ ሆን ብሎ ጀርባውን አዙሮ ጠፍሩን መጠቅለል ያዘ። አንዴ ጠቀለለው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። ከኋላው የአልጋው ሽቦ ሲያቃስት ሰማ።

«ሃሎ፣ ማዞሪያ!»

ዞረ። እናቱ ወደ መስኮቱ ተንጠራርታ እጇን ዘርግታለች። ብርጭቆው በአበባዋ ላይ ነው። ጠፍሩ ከእጁ ወደቀ። እሷ ልጇን ዓይን ዓይኑን እያየች ብርጭቆውን ቀስ ብላ ገለበጠችው።

አንድ ጠብታ አልወረደም።

«ለእሷም ውሃ ስጣት፣ ጠምቷታል» አለች። «ስኳር ግን እንዳታደርግበት።»